ጆሮውን የደፈነው ሰው

የበርበሬ ነጋዴው ጠይብ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ፣ በገዛ መጋዘኑ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ተገኘ።

ገዳዩም ወዲያው ተያዘ ተባለ፤ ከካራማራ ጦርነት የተመለሰው የመጋዘኑ ተሸካሚ ቦጋለ ነው። የያዘው የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ደመቀ ነበር።

«ጠመንጃዬን ነጥቆ ተኮሰ። እየሮጠ ሲወጣ በር ላይ አነቅሁት» አለ።

በዚያ ዘመን ጠመንጃ ያነገተ ሰው ምስክር አያሻውም።

«እስከ ማታ ቃሉን አስፈርም» አለ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ሻምበል ፍስሐ መርማሪውን። «ነገ እርምጃ ይወሰድበታል።»

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ጓንጉል ግን በጥድፊያ ሰው ማስገደል አንገሽግሾታል። ፖሊስ ከመሆኑ በፊት ጦር ግንባር ቁስለኛ ያክም ነበር። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ፊቱ የተቀመጠው የቦጋለ ዓይኖች በበርበሬ አብጠው ነበር።

«ሲተኮስ የት ነበርክ?»

«ካራማራ።»

«ዛሬ ነው የምልህ!»

«ዛሬ ነው የምልዎት፣ ጌታዬ።»

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሳቀ። ጓንጉል አልሳቀም።

«እንቅልፍስ?»

«ስተኛ ጓደኞቼ ይመጣሉ። እየተቃጠሉ።»

«የማትረግጠው ሰፈር አለ?»

«ምናለሽ ተራ። ብረት ሲቀጠቅጡ አልችልም።»

ጓንጉል ተነስቶ የብረቱን በር በኃይል ወርውሮ ዘጋው። ቦጋለ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ፊቱን ሲሚንቶው ላይ ደፍቶ ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ጨመቀ። ጓንጉል በሥራው አፈረ።

«ተነስ ወንድሜ። ተኩስ የለም። መርካቶ ነህ።»

ከዚያ ወደ መጋዘኑ ገሰገሰ። ከበሩ ርቆ፣ በጥጉ በተዘረጋው ድቁስ በርበሬ ላይ የሰው ፊትና የሁለት ክርኖች ቅርጽ ታትሟል። ቦጋለ ሲተኮስ እዚህ ተደፍቶ ጆሮውን ይዞ ነበር። አስመሳይ ዓይኑን በርበሬ ውስጥ አይቀብርም። ደመቀን አስጠራው።

«በር ላይ ያነቅኸውን ሰው ፊቱን እዚህ ማን ደፋው?»

«ያው... ከዚህ ጎትቼ...»

«እየሮጠ ነበር ያልከው!»

መጋዘኑ ውስጥ የነበረችው የሟቹ ልጅ ሐጀራ እንባዋን ጠርጋ ወደ ፊት መጣች።

«ይህ ሰው ትናንት ለጋብቻ ጠየቀኝ። አባቴ ሰው ፊት ‹ልጄን ለጠመንጃ አልድርም› ብሎ አባረረው።»

«አዋርዶኛል!» ብሎ ጮኸ ደመቀ። «በሰው ፊት!»

ካቴናው እጁ ላይ ገባ።

ሻምበሉ ጣቢያ ውስጥ ደነፋ። «አብዮት ጠባቂ ታስራለህ? ነገ የምትታሰረው አንተ ነህ!»

«ነገ ይሰሩኝ። ዛሬ ግን ገዳዩን አስሬያለሁ።»

«እብዱን በጓሮ በር አስወጣልኝ።»

«እብድ አይደለም፣ ታሟል። ጦርነት ያመጣበት ሕመም ነው፤ ተኩሱ ቢያልቅም ለሱ አላለቀለትም። ሐኪም ዘንድ ራሴ እወስደዋለሁ። የሚወጣውም በፊት በር ነው።»

ነፍሰ ገዳይ ሲሉት የዋሉት ሰዎች ደጁን ሞልተውታል። ቦጋለ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። አንገቱን ግን አልደፋም፤ መንገድ የለቀቁት እነሱ ናቸው።