የዲኑ መነጽር

ዲን ኤልመር ቫንደርሁፍ ከአዲሱ ሆስፒታል ደረጃ ሥር አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። በደረጃው መደገፊያ ላይ የታሰረው የኢዮቤልዩ ጥብጣብ ገና አልተቆረጠም ነበር።

«አዳልጧቸው ወደቁ፤ አለቀ» አለ የሸሪፉ ምክትል።

«እስቲ ዝም በል» አለችው መርማሪዋ ቬርና ተትል፣ አጎንብሳ። እጃቸው አልተጫረም፤ ጉልበታቸው አልተላጠም። የሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ ተፈትቷል። መነጽራቸው የለም። ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ብታስስም ስባሪ እንኳ አላገኘችም። ያለ መነጽር የቀረበላቸውን ሳህን የማያዩ ሰው ነበሩ።

ዲኑ የሚመሩትን የሕክምና ትምህርት ቤት ሁለት ጓደኛሞች ናቸው ከእህል መደብር ፎቅ ላይ የጀመሩት። ኦስቲዮፓቲ ይሉታል፤ ከመድኃኒቱና ከቀዶ ሕክምናው ጋር በእጅ ዳስሶ ማከምን ያስተምራል። ሌሎቹ ሐኪሞች «ወጌሾቹ» እያሉ ሲስቁባቸው፣ እነሱ የጡብ ሕንፃ ሠሩ፤ እኩል ፈቃድ አገኙ፤ ሆስፒታል አቆሙ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቦርዱ ድምፅ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤቱ በስሙ ይኑር ወይስ ስሙን ጥሎ ከዩኒቨርሲቲው ይቀላቀል? ዲኑ ስሙ አይጣልም፤ ሞቼ ነው ቆሜ ያሉ ነበሩ።

ጠዋት ሆስፒታሉ ውስጥ ከሳቸው ሌላ የነበሩት ሦስት ሐኪሞች ናቸው። ቬርና በየተራ ወደ ማከሚያ ክፍሎቻቸው ገባች።

«ከዲኑ ጋር ተጣልታችኋል አሉ» አለችው ምክትል ዲኑን ሆሊስ ኩዌድን።

«አዎ! እንቀላቀል ያልኩት በአደባባይ ነው። ካኮረፈኝ ሰንብቷል፤ ሰላምታዬንም አይመልስልኝም።»

«እኔን ደግሞ አንገቴን ይዞኛል። እስቲ ይዩልኝ።»

«መነጽርሽን መደርደሪያው ላይ አድርጊ።» ዳሰሳት። «ግትር አንገት ነው።»

«የእናቴ ነው።»

የዲኑ ልጅ ዶክተር ሎሪና ዓይኗ አብጧል። ቬርና አንገቷን ልትታይ መነጽሯን ስታወልቅ፣ እሷም ሳታስብ መደርደሪያውን ነው ያሳየቻት።

«በአባትሽ ወንበር ማን ይቀመጣል?»

«አጎቴ ሜርል። ከአባቴ ጋር የመሠረቱት እሳቸው ናቸው። ቢሞቱ አሳልፈው አይሰጡንም።»

አዛውንቱ ዶክተር ሜርል ስፕራግ ቬርናን «ነይ ልጄ፣ ጋደም በይ» አሏት። መነጽሯን ራሳቸው ከፊቷ ላይ አንስተው ነጭ ካፖርታቸው ኪስ ከተቱት። ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«እርስዎ መደርደሪያ የለዎትም?»

«በእህል መደብሩ ፎቅ ምን መደርደሪያ ነበረን? በሽተኛው እንዳይረግጠው ኪሳችን እንከት ነበር። ኤልመርንና እኔን ይኼ አመል አልለቀቀንም።»

ጣቶቻቸው አንገቷ ሥር ሲገቡ ቬርና ብድግ አለች። «ይበቃኛል፤ ተሽሎኛል።» መነጽሯን ሳትጠይቅ፣ ግድግዳ እየዳበሰች ወጣች።

በስብሰባው አዳራሽ ስፕራግ በዲኑ ወንበር ተቀምጠዋል።

«ዲኑ ከደረጃ አልወደቁም» አለች ቬርና። «የሚወድቅ ሰው እጁን ይዘረጋል፤ እጃቸው ግን ደህና ነው። ቁልፋቸውን ፈትተው፣ መነጽራቸውን አስወልቀው፣ በጀርባቸው ተኝተው ነው የሞቱት። አንገታቸውን ለሚያምኑት ሰው ሰጥተው። ደረጃው ሥር የተጣሉት በኋላ ነው።»

«ለኔማ አይሰጠኝም» አለ ኩዌድ።

«አይሰጡዎትም። ለልጃቸው ይሰጡ ነበር፤ ግን የሷ በሽተኛ መነጽሩ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እዚያ የለም፤ አይቻለሁ።» ወደ ወንበሩ ዞረች። «ዶክተር ስፕራግ፣ መነጽሬን ረሱብኝ።»

«ውይ! እርጅና!» ስፕራግ እየሳቁ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው መነጽር አወጡ። ወፍራም፣ ክብ፣ አንዱ እጀታው በሰማያዊ ክር የታሰረ።

የቬርና አልነበረም።

«ያንን ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች ሎሪና።

ስፕራግ እጁ ላይ ያለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው አየው።

«ዕድሜዬን ሙሉ ወጌሻ ተባልኩ» አለ። «ዩኒቨርሲቲው ትልቅ ወንበር ሊሰጠኝ፣ እኔም ድምፄን ልሰጣቸው ተስማማን። ጠዋት ለኤልመር ነገርኩት። ይጮህብኛል ስል አልጮኸም። ‹አንገቴን ይዞኛል፤ እሸኝና እናውራበት፤ አሳምንሃለሁ› አለኝ። እንደሚያሳምነኝ አውቅ ነበር፤ አንገቱም እጄ ውስጥ ነበር።»

«አንተ!» አለች ሎሪና። አጎቴ ማለቱ ቀረ፤ አንቱታውም ቀረ። «እጄን ይዘህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም? ‹በሽተኛው አንገቱን ሲሰጥሽ ነፍሱን ነው የሚሰጥሽ› ያልከኝ?»

የሸሪፉ ምክትል የስፕራግን ክንድ ይዞ አስነሳው።

ሎሪና የአባቷን መነጽር በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ያኔ ኩዌድ፣ ያ በግልጽ ሲቃወማቸው የኖረው፣ ተነስቶ ባዶውን ወንበር ሳበላት።

«ተቀመጪ» አላት። «እኔ አሁንም እንቀላቀል ነው የምለው። ግን ፊት ለፊትሽ ነው የምለው።»