ሃያ ሦስተኛው መስመር

ሻለቃ ሀብተጊዮርጊስ፣ መምህር ዘርኣማርያም፣ ወይዘሮ ሰብለወንጌል።

ለሙያው ሥርዓት ያቆሙለት እነዚህ ሦስቱ ነበሩ። ሻለቃው የምስጢር ጽሑፍ አስተማሩ፤ መምህሩ የቴሌግራፍ ቤቱን መዝገብ መሩ፤ ወይዘሮዋ የስለላ ክፍሉን ሰነድ አንዲት ነጥብ ሳያጎድሉ ሠላሳ ዓመት ጠበቁ። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ሁለት ጽሑፍ ሳይናበብ «አንድ ነው» አይባልም። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሌላው በጣቱ ይከተላል። ማናበብ ይሉታል።

ዛሬ ከሦስቱ አንዱም በሕይወት የለም።

ሰይፈ ገብርኤል በፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ ሥር ወዳለው የኤስ-ባን፣ የከተማ ባቡር መሳፈሪያ ወረደ። ዕድሜው ስድሳ አንድ ነው። ሞርንታል በሚባል የጭነት ድርጅት መጋዘን ውስጥ የበርሜል ቁጥር መዝጋቢ ሆኖ ስድስት ዓመት ሠርቷል። እዚያ የሚያውቁት በሌላ ስም ነው። በክፍሉ ዘንድ የምስጢር ስሙ «ማኅተም» ነው።

ሞርንታል ከዚንድሊንገን የኬሚካል መንደር የሚወጡ በርሜሎችን መርዝ ለሚቀምሙ ሰዎች ያሻግራል። ክፍሉ ይህን ለማስቆም ዓመታት ደክሟል። ሆኖም በቀረበ ቁጥር በርሜሎቹ ቀድመው ይሰወራሉ። ከክፍሉ ውስጥ ምስጢር የሚሸጥ ሰው አለ።

ዛሬ ጠዋት ሰይፈ ገብርኤል የዚያን ሰው መለያ ከሞርንታል አለቃ መሳቢያ ውስጥ አገኘ። ጣት በምታህል ቁራጭ ወረቀት ላይ አራት ምልክቶች ተጽፈው ነበር። ለሁለት ሰከንድ ያህል አይቶ አጣጠፋት፤ ከባቡር ትኬቱ ጋር በአንድ መያዣ ከተታት።

ከኋላው ሰው አለ።

ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ራሰ በራ፣ የሞርንታል ጠባቂ።

ባቡሩ ደረሰ። ሰይፈ ገብርኤል ገባ። ጠባቂውም በሚቀጥለው በር ገባ። ድምፅ ማጉያው «ቢተ ዙሩክብላይበን»፣ ከበሩ ራቁ፣ አለ። በሩ ሊዘጋ ሲል ሽማግሌው ወደ ኋላ ተራምዶ ወረደ።

ባቡሩ ካፖርቱን ይዞ ሄደ።

በምሰሶው አጠገብ አንድ ወጣት ቆሞ ጋዜጣ ያነባል። የክፍሉ አለቃ ገናናው ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እዚሁ ያደገ፣ ከፀደይ ወዲህ የተሾመ።

«ልጄ፣ ትኬትህ ወድቋል።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

መያዣው ከእጅ ወደ እጅ ተሻገረ። ተለያዩ።

እኩለ ቀን ላይ ኖርድኤንድ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ተገናኙ። ገናናው ኮምፒውተሩን ወደ ሽማግሌው አዞረ። በሰንጠረዡ ላይ አርባ መስመሮች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ መስመር አንድ ሰው ነው፤ ከስሙ ጎን ማሽን ያወጣለት መለያ አለ።

«ተገኘ፣ ጋሼ። ዘጠነኛው መስመር። ፋጥና ናት።»

ሰይፈ ገብርኤል አልተቀመጠም።

ፋጥና በአማርኛ የተማረች የአሥመራ ልጅ ናት። በኬሚካል መንደሩ ቢሮዎችን ታጸዳለች፤ የጭነት ሰነዶችን ቅጂ እያወጣች ለክፍሉ ታቀብላለች። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ኣስማእ። ለሥራው የመለመላት ራሱ ሰይፈ ገብርኤል ነው።

«በምን አስተያየኸው?» አለ።

«በሊስተው፣ በዚህ ዝርዝር ነዋ። የወረቀቷን መለያ ጻፍኩ፤ ከላይ ወደ ታች በእኩል ምልክት እንዲያስተያይና የመጀመሪያውን እንዲያወጣልኝ አዘዝኩት። ዘጠኝ ላይ ‹ቫር› አለ። እውነት ማለት ነው።»

«ጀርመንኛ እንድታስተምረኝ አልጠየቅሁህም። የእኩል ምልክት የፈረንጁን ትልቅ ፊደልና ትንሹን አይለይም። ለእርሱ ሁሉም አንድ ነው።»

«መጋዘን ውስጥ ስለቆዩ ነው፣ ጋሼ። ይሄ እኮ የበርሜል ቁጥር አይደለም።»

«ከበርሜል ነው የተማርሁት። ሞርንታል ቤት በትልቅ ፊደል የተጻፈው የሚላክ ነው፤ በትንሹ የተጻፈው የተመለሰ። በእኩል ምልክት አስተያይቼ ስድስት በርሜል ያሳሳትሁ ዕለት፣ ተቆጣጣሪው ‹ኢደንቲሽ› የሚባለውን ቀመር አሳየኝ። እርሱ ፊደሉን እንዳለ ያያል። በእርሱ አስተያየው። አለዚያ አንተ አንብብ፣ እኔ በጣቴ ልከተል።»

ገናናው ሳቀ።

«ማናበብ? ዳዊት ልንደግም ነው እንዴ? ጊዜ የለንም፣ ጋሼ። ትእዛዙ ወጥቷል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ዚንድሊንገን ጣቢያ ቴርሚን፣ ቀጠሮ አላት፤ እንደ ወትሮው ሰነድ የምታስረክብ ነው የሚመስላት። ዓባይነህ ሰነዱን ተቀብሎ ራሷንም ይዞ ያመጣታል። አንቱ ማዶ ሆነው ያያሉ። ማየት ብቻ።»

ዓባይነህ የክፍሉ መልእክተኛ ነው። ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ መኪና የሚያሽከረክርላቸው።

«ከተሳሳትህስ?»

«ማሽኑ ነው ያለው። እኔ አይደለሁም።»

በክፍሉ ዕድሜ ይከበራል፤ ትእዛዝ ግን ይፈጸማል። ሰይፈ ገብርኤል አርባ ዓመት የኖረው በዚህ ነው። ባርኔጣውን አጥልቆ ደረጃውን ወረደ። ስልክ አልያዘም። በስምሪት ላይ ከመልእክተኛው በቀር ማንም ስልክ አይይዝም፤ ይህም ሕግ ነው።

በባቡሩ ውስጥ ዓይኑን ጨፈነ።

ያቺን ቁራጭ ወረቀት ደግሞ ለማየት ደከመ። ሁለት ሰከንድ። ሰማያዊ ቀለም፣ ወደ ቀኝ ያጋደለ የእጅ ጽሑፍ። የመጀመሪያው ምልክት ሰፊ ነበር፤ ከመስመሩ በላይ ቆሟል። ትልቅ ኩ። ቀጥሎ ትንሽ ኤም። ሰባት። ትልቅ ቴ።

የፋጥናን ደግሞ አፏን ከፍታ እስክትደግመው ድረስ ያስጠናት እርሱ ነው። ትንሽ ኩ፣ ትልቅ ኤም፣ ሰባት፣ ትንሽ ቴ። ያን ጊዜ እንዲህ ብላ ቀልዳበት ነበር፦ «አይ ወንድም ሰይፈ! አሥመራ ያስተማሩን ፊደል ታላቅና ታናሽ የለው፤ የፈረንጁ ግን እንደ ሰው ይናናቃል!»

አንድ አይደሉም።

ማሽኑ ዘጠነኛው መስመር ላይ ደርሶ ቆሟል። ከዚያ በታች ያሉትን ሠላሳ አንድ ሰዎች አላየም። እውነተኛው ሻጭ ከእነርሱ አንዱ ነው። ማን? ሰንጠረዡ ያለው ኖርድኤንድ ነው። እርሱ ያለው ባቡር ውስጥ ነው። ሁለት ጣቢያ ቀርቶታል።

ባቡሩ በራሱ ፍጥነት ሄደ። ሽማግሌ ስለ ተጨነቀ ባቡር አይቸኩልም።

ዚንድሊንገን ወረደ። መሳፈሪያው ሁለት ነው፤ በመካከል ሐዲድ አለ። ፋጥና ማዶ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አረንጓዴ ሻሽ፣ በጭኗ ላይ የዳቦ ቤት ከረጢት። ሰነዱ በከረጢቱ ውስጥ ነው። ዛሬ ከመምሸቱ በፊት የሚጫኑት ሰማንያ በርሜሎች በየትኛው መኪና እንደሚወጡ የሚናገር ሰነድ።

ዓባይነህ ከምድር ውስጡ መተላለፊያ ብቅ አለ። ፈገግ ብሏል።

ከኋላው ሌላ ሰው ወጣ።

ግራጫ ካፖርት። ራሰ በራ።

ሰይፈ ገብርኤል አወቀው። የሞርንታል ጠባቂ ዓባይነህን አልተከተለውም። አብሮት ነው የመጣው። ሲጋራ ተቀባበሉ።

ሻጩ ታወቀ። ክፍሉ ንጹሗን ሴት በገዛ ትእዛዙ ለሻጩ አሳልፎ ሰጥቷታል።

«ማየት ብቻ» ተብሏል። ባርኔጣውን አወለቀ። «ሽሺ» ማለት ነው፤ ምልክቱን ያስተማራት እርሱ ነበር።

ፋጥና አየችው።

ወደ ግራ ተመለከተች፤ ዓባይነህ። ወደ ቀኝ ተመለከተች፤ ካፖርቱ ዞሮ መጨረሻውን ዘግቶታል። መሸሻ የለም። እርሱም የሚሻገርበት መንገድ በዓባይነህ በኩል ብቻ ነው።

የዕቃ ባቡር መጣ።

ባዶ ፉርጎዎች በመካከላቸው አለፉ። ሃያ። ሠላሳ። በእያንዳንዱ ክፍተት ቁራጭ ቁራጭ ነገር ይታየዋል። ቆማለች። ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄዳለች። እጇ ከወረቀት መጣያው አፍ ላይ ነው። ዓባይነህ ደርሷል።

ባቡሩ አለቀ።

ከረጢቱ በእጇ ነበር። ጠፍጣፋ፤ ባዶ። ዓባይነህ ውስጡን አየ፤ ፈገግታው ጠፋ።

«የታለ?»

ፋጥና ሆነ ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ከሐዲዱ ማዶ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ውይ ወንድሜ፣ እርጅና መጣ እኮ! ቤት ረሳሁት። ና አብረን እናምጣው። መኪናህን ይዘሃል አይደል?»

ወደ ማዶ አልተመለከተችም። አንድ ጊዜ እንኳ።

ሰይፈ ገብርኤል ገባው። ይዛቸው ልትሄድ ነው። እቤቷ እስኪደርሱ፣ እስኪፈልጉ፣ እስኪያጡ ድረስ ጊዜ እየገዛችለት ነው። ከጮኸ ሰነዱም እርሷም ይጠፋሉ። ዝም ካለ እርሷ ብቻ።

ዝም አለ።

ስድሳ አንድ ዓመቱ፣ ባዶ እጁ፣ ባርኔጣው በደረቱ ላይ። በመካከል አራት የብረት ሐዲድ። አረንጓዴው ሻሽ በመተላለፊያው ውስጥ ሲወርድ አየ። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ከዚያ በኋላ ተሻግሮ እጁን ወደ መጣያው ከተተ።

ሰነዱ ደረሰ። መኪናዎቹ ከከተማው ሳይወጡ ተያዙ፤ ሰማንያው በርሜል አንድ ሳይጎድል ተቆጠረ። የሞርንታል አለቃ ታሰረ። ከላይ የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ ተነቦ ተቃጠለ።

የዓባይነህ መኪና በሦስተኛው ቀን ራይን ወንዝ ዳር ባዶዋን ተገኘች። የእርሱም፣ የፋጥናም ወሬ የለም። ክፍሉ ደንቡን ጠበቀ። እንዲህ የምትባል ሴት አያውቅም።

«ማኅተም»ም ተሰረዘ። የመጋዘኑ መዝጋቢ ሥራ ለቀቀ፤ የተከራየውን ክፍል አስረከበ። አዲስ ስም የያዘ ወረቀት ተሰጠው። በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ አንዲት ሻንጣ ይዞ በዋናው ጣቢያ ከሩቅ መንገድ ባቡር በር ቆመ። የት እንደሚሄድ ከእርሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ገናናው እየሮጠ መጣ። መምጣት አልነበረበትም።

«በወጡ በሃያ ደቂቃ አስተያየሁት» አለ፤ ያለከልካል። «በኢደንቲሽ። ዘጠነኛው ላይ ‹ፋልሽ›፣ ሐሰት አለ። ወደ ታች ወረድኩ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ‹ቫር›። ዓባይነህ። ልደውል ስልክ አነሣሁ፤ በስምሪቱ ላይ የነበረው ስልክ የእርሱ ብቻ ነው። ይዤው ተቀመጥኩ፣ ጋሼ። ምን ላድርግ?»

ሽማግሌው ሻንጣውን ወደ በሩ አስጠጋ።

«ለልጇ ምን ተባለ?» አለ።

«ምንም። ከላይ ከልክለዋል። ትናንት ለሽፋን በከፈትነው የጽዳት ድርጅት ቁጥር ደወለችልኝ። በጀርመንኛ ‹እናቴ የት ናት?› አለችኝ። ቁጥር ተሳስተሻል አልኳት።»

ድምፅ ማጉያው በሩ ሊዘጋ መሆኑን ተናገረ። ሽማግሌው ሻንጣውን አንሥቶ ባቡሩ ላይ ወጣ።

«ጋሼ ሰይፈ!»

«በዚህ ስም የሚጠራ ሰው እዚህ የለም» አለ፤ ዞሮ ሳያይ። ከተሳፋሪው መካከል ገባ፤ አንድ ከብዙ ሽማግሌዎች ሆነ።

ገናናው በበሩ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ።

«ማሽኑ ነው ብዬዎት ነበር» አለ፤ ማን እንደሚሰማው ሳያውቅ። «ማሽኑ የጠየቅሁትን መለሰልኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»