በይግዛው ኮምፒውተር ላይ ያየነው

ሦስት ሰዎች ነበርን። እኔ፣ ብዙነህ እና ባንቺ።

ሐምሌ ውስጥ ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ። ቦታው ሰቆጣ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው የብዙነህ ጌም ቤት።

ሰዓቱን ልብ በሉልኝ። ሌሊት አልነበረም። ውጭ ዝናብ ይዘንባል፣ ወፍጮው ይጮኻል፣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ቆርቆሮ ሥር ተጠልለው ያወራሉ።

በዚህ ሁሉ መሃል ነው የሆነው። ፈጠራ ነው የሚል ካለ ባንቺን ይጠይቃት።

ብዙነህን መጠየቅ አይቻልም።

ሥራዬ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጌም ማስነሳት ነው። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ አልተማርኩም። ሰው ፊት ማውራትም አይሆንልኝም። ይህን ሙያ ያስተማረኝ ይግዛው የሚባል የጋዝጊብላ ገጠር ልጅ ነው። ለትምህርት ሰቆጣ መጥቶ ቤት ሲከራይ ጎረቤቴ ሆነ። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነበረው።

"ትእዛዙ" ይለኝ ነበር፣ "አሮጌ ካርድ እንደ ሽማግሌ ነው። የዘንድሮን ወሬ አታውራው። እሱ ወደሚያውቀው ዘመን አንተ ተመለስለት።"

ምን ማለቱ እንደሆነ ላስረዳ። ኮምፒውተር ውስጥ ሥዕሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ነው። ካርዱን የሚያዘው ፕሮግራም ደግሞ ድራይቨር ይባላል። ካርዱ አሮጌ፣ ድራይቨሩ አዲስ ከሆነ አይግባቡም። ጌሙ ይከፈትና ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ያኔ አዲሱን ድራይቨር ታጠፋለህ፤ ከእሱ በፊት የወጣውን ትጭናለህ። እምቢ ካለ ከዚያም በፊት የወጣውን። እንዲህ እያልክ ወደኋላ ትሄዳለህ።

ወደኋላ... ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ይግዛውና ብዙነህ አብረው ነበር ከአገር የወጡት። በአፋር በረሃ አድርገው፣ ባሕሩን ተሻግረው፣ ሳዑዲ ሊገቡ።

ብዙነህ ብቻውን ተመለሰ።

"እኔ አሞኝ ተመለስኩ። እሱ ተሻግሯል፤ ደህና ነው" አለ።

የይግዛው እናት እማማ ጥሩሐረግ ግንባሩን ስመው መረቁት። "የልጄን ዓይን ያየ ዓይን" አሉት። የልጃቸውንም ኮምፒውተር ሰጡት፤ "እስኪመጣ ሥራበት" ብለው። ጌም ቤቱ የተከፈተው በዚያ ኮምፒውተር ነው።

ከዚያ ወዲህ የይግዛው እህት ባንቺ ለገበያ በመጣች ቁጥር የጌም ቤቱ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ወደ ውስጥ አትገባም። ወንዶች የሞሉበት ቤት ነው።

"ደወለ?"

"ደውሏል። ሰላም በልልኝ ብሏል።"

"ምነው ለኛ የማይደውል?"

"ኔትወርኩ ነዋ። ለእማማ ደህና ነው በያቸው።"

እናትየው በዚህ መልስ ይኖራሉ። ጎረቤት "እርምሽን አውጪ" ሲላቸው ይጣላሉ። መርዶ ያልተነገረለት ሰው አይለቀስለትም፤ ተዝካርም አይወጣለትም። ከሳምንት ሳምንት ቅዳሜን ይጠብቃሉ።

እኔ ብዙነህን አምኜው አላውቅም። ግን ምን ይዤ ልናገር?

ያን ቅዳሜ እሱ ራሱ ጠራኝ።

"ና እስቲ ዝምተኛው" አለኝ። "የመኪናው ጌም ሲከፈት ይጠቁራል። አንዱ ቴክኒሻን ነኝ ባይ አዲስ ድራይቨር ጭኖበት ጭራሽ አበላሸው። ልጆቹ ሁሉ ወደ ሌላ ቤት ሄዱብኝ።"

ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። ወለሉ አፈር ነው። ብዙነህ አቧራው ማሽኖቹ ውስጥ እንዳይገባ ውኃ ይረጫል። የሚረጭበት ቢጫ ጀሪካን መያዣው ላይ የነጠላ ጥለት ተጠምጥሞበታል። ቀይና አረንጓዴ። የደበዘዘ፣ ግን ጠበቅ ብሎ የታሰረ።

አዲሱን ድራይቨር አጠፋሁ። ከፍላሽ ዲስኬ አሮጌ ድራይቨር ጫንኩ። ጌሙን ከፈትኩት።

አልጠቆረም።

ግን ከተማው የለም።

ይህ ያጋጥማል። ድራይቨሩ ከካርዱ ጋር በደንብ ካልተስማማ ሕንፃዎቹ ሳይሳሉ ይቀራሉ። የቀረው ቡናማ ሜዳ ነበር። ጥቁር ጥቁር ድንጋይ። በሩቁ አንድ ቅጠል የሌለው ዛፍ...

ከዛፉ ሥር የተጣለ ጨርቅ የሚመስል ነገር።

ያን ጌም ብዙ ኮምፒውተር ላይ ጭኛለሁ። እንዲህ ያለ ዛፍ የለውም።

ከጀርባዬ የውኃው ድምፅ ቆመ።

"ይሄን ቦታ ማን አመጣው?" አለ ብዙነህ።

"የጌሙ ከተማ ነው። ሕንፃዎቹ ስላልተሳሉ ነው።"

"አይደለም።"

በሹክሹክታ ነበር ያለው። ጀሪካኑን አንስቶ ጠጣ። ረጅም ጊዜ ጠጣ። ሲጨርስ ከንፈሩን ላሰ፤ መልሶ ላሰ።

"ሌላ ጫንበት" አለኝ።

ከዚያ በፊት የወጣውን ጫንኩ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሳ። ጌሙን ከፈትኩ።

ያው ሜዳ። ያው ዛፍ። ቀርቧል።

ጨርቅ አልነበረም። ሰው ነው። ጀርባውን ለዛፉ ሰጥቶ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ተዘርግቷል፤ ተረከዙ ወደማይሆን በኩል ዞሯል። አንድ እጁን ወደኛ ዘርግቷል።

እጁን ዘርግቶ አልቀረም። ያወርደዋል... መልሶ ይዘረጋዋል...

"አጥፋው" አለ ብዙነህ።

በዚያው ቅጽበት ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። ቆርቆሮው ጆሮ የሚያደነቁር ሆነ። በሩ ተከፍቶ ባንቺ ነጠላዋን በራሷ ላይ ይዛ ገባች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የገባችው።

"በረዶው እስኪያባራ ነው" አለች እያፈረች። "ደወለ እንዴ ይግዛው?"

ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ።

"ማነው ያ?"

ቀረብ አለች። "ሹራቡ..." አለች። "ክርኑ ላይ በቀይ ክር የጠቀምኩት እኔ ነኝ። ሰማያዊ ክር አጥቼ።"

አየሁት። ሰማያዊ ሹራብ፣ ክርኑ ላይ ቀይ።

"አጥፋው አልኩህ እኮ!" ብዙነህ ገፍቶኝ ሄዶ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው።

በአንድ ጊዜ ሆነ። ገመዱ ሲነቀል ወፍጮውም ቆመ። የሰፈሩ መብራት ሄደ። አምፖሉ ጠፋ።

ስክሪኑ አልጠፋም።

ገመዱ በብዙነህ እጅ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰውየው ስክሪኑ ላይ እጁን ይዘረጋል፤ ያወርዳል።

ከዚያ ስፒከሩ ተነፈሰ።

የድምፅ ድራይቨሩን ገና አልጫንኩም ነበር። ያ ማሽን ድምፅ ሊኖረው አይችልም። ግን ተነፈሰ። የደረቀ ትንፋሽ፣ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ የሚሰማ ድምፅ... ከዚያ ንግግር። በኽምጣኛ፣ በዋግ አገው ቋንቋ ነው። እኔ ኽምጣኛ በቅጡ አልሰማም።

ባንቺ ትሰማለች። ወንበሩን ጨበጠች።

"ምን አለ?" አልኳት።

"'ብዙነህ፣ ትንሽ ተውልኝ' ነው የሚለው።" ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። "'ሁሉንም አትውሰደው' ነው የሚለው።"

ብዙነህ ሳል ያዘው። ጀሪካኑን አነሳ። ያኔ ባንቺ ጀሪካኑን አየችው። ጥለቱን አየችው።

"ያ ጥለት የእናቴ ነው" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። "ሊሄድ ሲል ከነጠላዋ ጫፍ ቀድዳ አሰረችለት። እጁን እንዳይቆርጠው።"

"እሱ ነው የሰጠኝ።"

"ሲሻገር?"

"አዎ... ሲሻገር።"

ባንቺ ወደኔ ዞረች። "ከዚህ በፊት ያለ ሌላ አለህ፣ ትእዛዙ?"

"አንድ አለ። የመጨረሻው።"

"ጫነው።"

"ወንድሜ" አለኝ ብዙነህ። ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም። "በእመቤታችን ይዤሃለሁ። ተው።"

እማማ ጥሩሐረግ ግንባሩን ሲስሙት ትዝ አለኝ። ያን ቀን ቆሜ አይቻለሁ። ምርቃቱን "አሜን" እያለ ነበር የተቀበለው። በየቅዳሜው ባንቺን "ደውሏል" ሲላት ትዝ አለኝ።

ፍላሹን ከፈትኩ። ደስ እያለኝ ነበር የጫንኩት።

መብራት በሌለበት ቤት ድራይቨሩ ተጭኖ አለቀ። ጌሙ ሳልከፍተው ተከፈተ።

አሁን ሥዕሉ እንደ መስኮት ጥርት ያለ ነው። ከዛፉ ሥር ሁለት ሰዎች። አንዱ ተቀምጧል፤ ሰማያዊ ሹራብ። ሌላው ቆሟል፤ በእጁ ቢጫ ጀሪካን ይዟል። የቆመው ወደኛ ዞረ።

ብዙነህ ነበር።

ጀሪካኑን ይዞ ወደኛ መራመድ ጀመረ። አንድም ቁልፍ አልነካሁም። እየቀረበ ሲመጣ ፊቱ ስክሪኑን ሞላው። ከኋላው፣ በትንሹ፣ የተቀመጠው ሰው ዛፉን ተደግፎ ሲነሳ አየነው። አንድ እግሩን እየጎተተ... ሲከተለው...

"እግሩ ተሰበረ" አለ ብዙነህ። እውነተኛው ብዙነህ። ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ነበር። "ውኃው ለሁለት አይበቃም ነበር። ሰው ይዤ ልመለስለት ነበር።"

"ተመለስክለት?" አለች ባንቺ።

ከንፈሩን ላሰ።

"ለእናቴ ሰላም በል ያለህ መቼ ነው? ሳይሞት ነው ወይስ ከሞተ በኋላ?"

"ውኃ ስጡኝ" አለ።

ስክሪኑ ጠፋ።

በረዶው ያን ጊዜ አባርቶ ነበር። ከበሩ ብርሃን ገባ። ብዙነህ የረጨው ወለል ርጥብ ነው፤ ጥቁር ሆኗል። እርጥቡ ላይ ደረቅ የእግር ምልክት ነበር። ደረቅ። እንደ ዱቄት ነጭ አቧራ ያለበት። ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ይጀምራል። አንድ እግር፤ ከጎኑ የተጎተተ መስመር። አንድ እግር፤ የተጎተተ መስመር።

ብዙነህ የተቀመጠበት ግድግዳ ሥር ሲደርስ ያበቃል። የሚመለስ ዱካ የለም።

ጀሪካኑን ዘቀዘቅኩት። ጠብታ አልወጣውም።

ባንቺ ከእጄ ወሰደችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ብዙነህን ሳታየው ወጣች።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌዎች እማማ ጥሩሐረግ ቤት ገብተው መርዶውን ነገሯቸው። አስከሬን ስለሌለ ለቅሶው መሃል ላይ የተቀመጠው ያ ጀሪካን ነው።

ብዙነህ ሆስፒታል ገባ። ጉሉኮስ ተሰቀለለት። ውኃ በጠርሙስ፣ በጆግ፣ በባልዲ አመጡለት፤ ጠጣው። ሌሊት አምልጦ ወጥቶ ከአሸንዳ ሥር አፉን ከፍቶ ተቀምጦ አገኙት አሉ። ከንፈሩ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጠቀ። ምላሱ አፉ ውስጥ አልገባ አለ። ሐኪሞቹ በሽታውን አላወቁትም።

ሐምሌ ሳይወጣ፣ ዝናቡ እየወረደ ሞተ።

ልጠይቀው አልሄድኩም።

ኮምፒውተሩን እማማ ጥሩሐረግ ፈለጉት። በሚኒባስ እስከተቻለኝ፣ ከዚያ ተሸክሜ አደረስኩላቸው። ጥቁር ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተላጭተው ጠበቁኝ።

"አሳየኝ" አሉኝ።

"እማማ፣ እዚህ መብራት የለም። እርስዎ ቤት ገመድም አልገባም።"

"ብቻ አስቀምጠው።"

መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። ገመዱ እንደተጠቀለለ ነው። ምንም አልነካሁም።

ስክሪኑ በራ።

ሜዳው። ዛፉ። ከዛፉ ሥር ሁለት ሰዎች። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው ቢጫ ጀሪካን በሁለት እጁ አንስቶ ይጠጣል። ውኃው በአገጩ ይወርዳል። ሌላው ከፊቱ ተንበርክኮ እጁን ዘርግቷል። ያወርደዋል... መልሶ ይዘረጋዋል... ፊቱን ወደኛ አዙሮ የተሰነጣጠቀ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

ቀና ብዬ አየሁ። እውነተኛው ጀሪካን ማዕዘኑ ላይ፣ ጥለቱ እንደታሰረ ተቀምጧል።

"ላጥፋው እማማ?"

ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ተወው። ልጄ ይጠጣ" አሉ። "ያኛውም ይየው።"

መደቡ ላይ እንደበራ ትቼው ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ። ወደዚያ ቤት እስከዛሬ መብራት አልገባም።