የማክሰኞ ውኃ

ሰው ገንዘብ ሲያጠራቅም ብዙም አይደብቅም። ለጎረቤቱም ለዘመዱም "ትንሽ ትንሽ እያልኩ ነው" ይላል። ያጠራቀመውን ይዞ ሱቅ ሊከፍት ወይም ማሽን ሊገዛ የተነሳ ዕለት ግን አፉን ይለጉማል። ነገሩ ሳይሰምር ከተወራ ዓይን ይገባበታል ብለን እናምናለንና። እኔም ይህን እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሙያዬ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ስለሆነ ገና ያልተከፈቱ ሱቆችን ከባለቤቶቹ ሚስቶችና ባሎች ቀድሜ አያለሁ። "ለማንም እንዳትናገር" ይሉኛል፤ እሺ እላለሁ። እንዲህ ከያዝኳቸው ምስጢሮች መካከል እስከዛሬ አንጀቴን የሚበላኝ የአንድ ጓደኛዬ ነው።

ይህ ጓደኛዬ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት ልብስ ሲያጥብና ሲተኩስ ኖሯል። ባልደረቦቹ ካውያው ይሉታል፤ እኛም ጎረቤቶቹ በዚያው ለመድነው። የሸሚዝ ኮሌታ ሲተኩስ ብታዩት ሕፃን የሚያስተኛ ይመስላችኋል። ሚስቱ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። ሁለቱ ከደሞዛቸው እየቀነሱ አሥራ አንድ ዓመት ያስቀመጡት ገንዘብ ነበራቸው። የታሰበው ከኪራይ ቤት ለመውጣት ነበር፤ ሁለት ክፍል ትበቃናለች፣ ብቻ በሩ የራሳችን ይሁን ይሉ ነበር። የባንክ ደብተሩ በእሱ ስም ነው።

ካውያው አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ላውንደሪ ሊከፍት እንደሆነ ነገረኝ። ከመሀል ከተማ ወጣ ያለ ሰፈር ውስጥ ቤት አግኝቷል፤ ሁለት ትልልቅ ማጠቢያ ማሽኖችና አንድ ማድረቂያ ሊያስገባ ነው፤ መስመሩን እንድዘረጋለት ይፈልጋል። ሙያውን ስለማውቅ ደስ አለኝ። ሚስቱ ምን እንዳለች ስጠይቀው ግን ሳቅ አለ።

"አታውቅም። የመጀመሪያዋን ገቢ ከቁልፉ ጋር በእጇ ሳስጨብጣት ታውቃለች" አለኝ። "አሁን ብነግራት ለእህቷ ትነግራለች፣ እህቷ ለሰፈሩ ሁሉ። ከዚያ በኋላ ምን ሥራ አለ?"

ሰውየው እንዲህ ያለው ያለምክንያት አልነበረም። ከዓመታት በፊት ሆቴሉ የልብስ ክፍል ኃላፊ ሊያደርገው ነው ተብሎ ለሁሉም አውርቶ ነበር። ሹመቱ ለሌላ ሰው ሲሄድ፣ ያፈረሰብኝ የሰው አፍ ነው ብሎ ደመደመ። የተሾመው ሰው ኮምፒዩተር መጠቀም ይችል እንደነበር ግን ካውያው ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም። እኔም በዚያ ቀን "ልክ ነህ፣ ዝም ብለህ ሥራ" አልኩት። የእኔ ጥፋት ከዚህ ይጀምራል።

ጓደኛዬን ሞኝ አድርጋችሁ እንዳታዩት እለምናችኋለሁ። ላውንደሪ ያለ ውኃ እንደማይሆን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቤቱን ሦስት ጊዜ ሄዶ አይቶታል፤ በሄደ ቁጥር ቧንቧውን ከፍቷል፤ ውኃው ጫማውን እስኪያርስ ድረስ በኃይል ይወርዳል። ችግሩ ሦስቱም ጊዜ ማክሰኞ መሆኑ ነው። ከሆቴሉ የሚያርፍበት ቀን ማክሰኞ ነዋ። በሌላ ቀን ለመሄድ ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት፤ ፈቃድ ከጠየቀ ምክንያት ሊሰጥ ነው፤ ምክንያት ከሰጠ ምስጢሩ ወጣ። አከራዩም ቢሆን የስድስት ወር ቅድሚያ ሊቀበል ቸኩሎ ስለነበር ያልተጠየቀውን አልተናገረም።

ጎረቤቶችስ እንዳትሉኝ። መስመሩን ስዘረጋ ከመንገዱ ማዶ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡና ምን ሊከፈት እንደሆነ ጠየቁኝ። "መጋዘን ነው" አልኳቸው፤ ካውያው እንዲህ በል ብሎኝ ነበር። "መጋዘን ከሆነ ደግ" ብለው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። መጋዘን ባይሆንስ ምን ነበር ብሎ መጠየቅ ለእኔ አልመጣልኝም።

ካውያው ከሆቴሉ በፈቃዱ ለቆ ሥራ የጀመረው፣ መቼም ገምታችኋል፣ ማክሰኞ ነው። ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ አርባ አንሶላ ተረክቦ ነበር። በዚያን ዕለት ግማሹን አጥቦ አደረቀ፤ ስልክ ደውሎ ሲያወራኝ ድምፁ የሙሽራ ድምፅ ነበር። ረቡዕ ጠዋት የቀረውን ማሽን ውስጥ ከትቶ ሳሙናውን ጨመረ፤ አረፋው ከፍ ከፍ ሲል ቧንቧው አንዴ ጉርር አለና ማሽኑ ቆመ። መብራቱ ነው ብሎ እኔን ጠራኝ። መፍቻዬን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ፤ መብራቱ ምንም አልሆነም። ውኃው የተመለሰው ዓርብ ነው። ቅዳሜ እንደገና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ሳምንት ሳስበው አሁንም ይጨንቀኛል። በጋሪ የሚዞር ውኃ በጀሪካን ይገዛል፤ ጋሪው ሲዘገይ ራሱ ተሸክሞ ከሩቅ ያመጣል። አንድ ዙር ለማጠብ የሚያወጣው ወጪ ከሚያገኘው ይበልጣል። አንሶላው በደንብ ሳይለቀለቅ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ይመለሳል። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ሁለት ጊዜ ታገሠች፤ በሦስተኛው ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች። በዚህ ሁሉ መሀል ሰውየው ጠዋት በለመደው ሰዓት እንደ ሆቴል ሠራተኛ ለብሶ ከቤቱ ይወጣል፣ በለመደው ሰዓት ይመለሳል። ደሞዝ የዘገየው ሆቴሉ ስለከሰረ ነው ብሎ ለሚስቱ ነገራት። አንድ ውሸት ሌላ ውሸት እየጎተተ አመጣ።

ንገራት ብዬ ለመንኩት። በዚያን ጊዜ የመለሰልኝ መልስ ከአእምሮዬ አልጠፋም። "ሲሳካ ልነግራት ያሰብኩትን ነገር ሲከስር ልንገራት? በምን አፌ?" አለኝ። እዩት እንግዲህ። መጀመሪያ እንዳይበላሽ ብሎ ደበቀ፤ አሁን ስለተበላሸ ይደብቃል። መንገር የሚቻልበት ቀን ለካ የለም።

ቁርጡ የታወቀው በሚስቱ እህት ነው። ሴትየዋ ከላውንደሪው ሁለት መንገድ ዝቅ ብላ ነው የምትኖረው፤ ካውያውም ይህን ስለሚያውቅ በእሷ መንገድ አያልፍም ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ የእህቷን ባል ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ አየችው። ከሥራ ተባሮ ውኃ ማመላለስ የጀመረ መስሏት እያለቀሰች ለእህቷ ደወለች።

ሚስቱ በማግሥቱ፣ ሐሙስ፣ የማብሰያ ሽርጧን ሳትፈታ መጣች። እኔ አንድ ሶኬት እየቀየርኩ ነበር። ቆማ ማሽኖቹን አየች፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ባዶ ማንጠልጠያዎች አየች፤ ገና ያልተሰቀለውን ማስታወቂያ ገልብጣ አነበበች። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም።

"ሌላ ሴት ይዟል ብዬ አንድ ወር እንቅልፍ አላየሁም" አለች። "በየማታው የሆቴሉ ያልሆነ ሳሙና ስትሸት የሚያጥብልህ ሰው አገኘህ ብዬ ነበር።"

"ላስደስትሽ ነበር" አለ ካውያው። "ወሬ እንዳያበላሸው ፈርቼ ነው።"

"ወሬ ማለት እኔ ነኝ?"

ካውያው ፊቱን ወደ ማሽኖቹ አዞረ።

"አሥራ አንድ ዓመት ጫማዬን እያስጠገንኩ ያጠራቀምኩት እኔ ነኝ። እኔ ስሰማው የሚበላሽ ከሆነ ለማን ልትሠራው ነበር?" ከዚያ ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች። ምንም አልወረደም። "እህቴ እዚህ ሰፈር ስድስት ዓመቷ ነው። ውኃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ እንደሆነ ትንሿ ልጇ እንኳ ታውቃለች። አንድ ቃል ትንፍሽ ብትልልኝ የዚያኑ ዕለት እነግርህ ነበር።"

ካውያው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። እሷም ወደ እኔ ዞረችና፣ "አንተም ወንድሜ፣ ቤታችን ገብተህ ስትበላ ታውቅ ነበር" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቷን ነው፤ በማግሥቱም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ አሁንም እናንተ ሁሉ ፊት እደግመዋለሁ።

ይህች ሴት በዚያን ሰዓት ጥላ ብትወጣ ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን ዓይኗን በሽርጧ ጫፍ ጠርጋ፣ "ሌላስ ያልጠየቅከው ምን አለ?" አለችው። ባሏን ከባልዲው ላይ አንስታ፣ እኔንም አስከትላ፣ መንገዱን ተሻገረች። ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ዘንድ ወሰደችን።

"ልጄ" አሉት ሽማግሌው፣ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ፣ "መጋዘን ነው አላችሁኝ። ለመጋዘን ውኃ ምን ያደርግለታል? ላውንደሪ ብትሉኝ ኖሮ እጅህን ይዤ አስቆምህ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀሪካን ስትሸከም እያየሁህ ዝም ያልኩት፣ ለሰው መንገር የማይፈልግ ሰው ነው ብዬ ነው።"

ከዚያ እሳቸው ያውቁት የነበረውን አንድ በአንድ አወሩለት። የዚህ ሰፈር ሰው ልብሱን በሁለቱ የውኃ ቀኖች ቤቱ ያጥባል፤ ለእጥበት የሚከፍል ብዙ የለም። የሚቸግረው መተኮስ ነው። የክሊኒክ ሠራተኛ አለ፣ ጥበቃ አለ፣ መምህር አለ፤ ሁሉም ጠዋት ተጣጥፎ የተተኮሰ ልብስ ይፈልጋል። እሳቸው ራሳቸው የሠራተኛ ዩኒፎርም ሰፍተው የሚያስተኩሱት ከተማውን አቋርጠው ነው። እዚሁ ደጃፋቸው ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ካውያ የያዘ ሰው መኖሩን አያውቁም ነበር።

ካውያው ግን ወዲያው አልተቀበለም። ሚስቱ ማድረቂያውንና አንዱን ማሽን እንሽጥ ስትለው ፊቱ ተለዋወጠ። ገና በወሩ ማሽን ሲሸጥ ሰው ምን ይላል፣ ከሰረ አይሉም ወይ አለ።

"ይበሉ" አለችው። "ከስረሃል እኮ።"

ከዚህ በኋላ አልተከራከረም። ሁለቱ ዕቃዎች ከተገዙበት ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ተሸጡ። በገንዘቡ የውኃ ታንከር አስተከሉ፤ ማክሰኞና ዓርብ እየሞላ ትንሽ ትንሽ ያጥባል፤ በቀሩት ቀናት ይተኩሳል። የሽማግሌው ዩኒፎርሞች መጡ፤ ከእነሱ ኋላ መምህራኑ መጡ። ሚስቱ ሥራዋን አልለቀቀችም፤ ቤቱ በአንድ ደሞዝ ቢሆንም ቆሞ ይዋል ብላ ነው። ነገሩ በደስታ ተፈጸመ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። የአሥራ አንድ ዓመቱ ገንዘብ ከግማሽ በላይ ሄዷል። ዛሬም ያሉት በኪራይ ቤት ነው፤ የራሳቸው በር ስንት ዓመት እንደራቀ እነሱ ያውቁታል።

እናንተ ቁጠባችሁን ይዛችሁ ሥራ ልትጀምሩ የተነሳችሁ ሰዎች፣ ጥፋቱ የካውያው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ሱቅ ውስጥ መብራት አስገብቻለሁ፤ ዓይን የገባበት ሱቅ እስካሁን አላየሁም፣ ውኃ ያልገባበት ግን አይቻለሁ። ገንዘቡን አብሯችሁ ያጠራቀመው ሰው ሐሳቡንም አብሯችሁ ያስብ። ቤት ስትከራዩ አከራዩን ትታችሁ በዚያ መንገድ ላይ ውሎ የሚያድረውን ጠይቁ፤ ሥራችሁንም በስሙ ጥሩለት። ያላችሁን ሁሉ በአንድ ቀን አታፍስሱ፤ በአንድ ማሽን የሚጀመር ሥራ በሦስት ማሽን አይጀመር። የሚመቀኝ ሰው ሊኖር ይችላል፤ አይኖርም አልልም። እኛ ግን አንድ ምቀኛ ፈርተን አሥር መካሪ ነው የምናጣው።

ባለፈው ሳምንት ሸሚዜን ላስተኩስ ሄጄ ሚስቱን አገኘኋት፤ ከሥራ ስትወጣ ልታግዘው መጥታ ልብስ ታጥፋለች። እሱ ደንበኛ ሲሸኝ ጠብቄ፣ ይቅር ብለሽዋል ወይ ብዬ በቀስታ ጠየቅኋት። የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ አስቀመጠች።

"ገንዘቡን ይቅር ብዬዋለሁ" አለች። "ዝምታውን ግን ገና እየካሰኝ ነው። አሁን ማታ ማታ ሁሉን ይነግረኛል፤ ማን መጣ፣ ማን ምን አለ፣ የማን ሸሚዝ ቁልፍ ወለቀ። ከድካሜ ብዛት እያንቀላፋሁ እሰማዋለሁ። አንድ ቀንም ግን በቃህ አላልኩትም።"