ሄሊኮፕተር የማያስፈልጋት አገር

ኮሎኔል ጠልሀ ግሌንዴል ሰፈር ካለው አፓርታማቸው የኋላ ደረጃ ሥር ወድቀው፣ ሕይወታቸው አልፎ ተገኙ። ከኮታቸው ኪስ በናፕኪን የተጠቀለለ ቴምር ወጣ። ፖሊስ ቴምሩን ከቁልፋቸውና ከመነጽራቸው ጋር ፌስታል ውስጥ ከተተና ረሳው። ምን ያድርግ፣ ቴምር ሰው ገድሎ አያውቅ!

ፖሊስን የሳበው ሙኒብ ነው። ሙኒብ የኮሎኔሉ የወንድም ልጅ፣ ታክሲ ነጂ ነው፤ አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክኮ ሲያለቅስ ደረሱበት። ጎረቤት ጩኸት ሰምታለች። አጎትና የወንድም ልጅ ደግሞ ሰሞኑን መጨቃጨቃቸውን ሕንጻው ሁሉ ያውቃል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? እጁን በካቴና አስረው ወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ ማህፉዛ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለው የዛኪያ ቢሮ እያለከለከች ገባች። ዛኪያ ጠበቆች የሚቀጥሯት የግል መርማሪ ናት። መቀመጥ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ደንበኛዋ ተቀምጦ ሲያወራ እሷ ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር ትመላለሳለች። አንዳንዱ ደንበኛ ይደነግጣል፤ ማህፉዛ ግን ልብ አላለችም።

«ዛኪያዬ፣ ሙኒብ እኮ ዝንብ አይገድልም!»

«እሱን ለፖሊስ ብነግረው ይስቅብኛል። ለምንድን ነው የተጨቃጨቁት?»

«‹ከእኛ ጋር ኑሩ› ስላላቸው ነዋ! እሳቸው ደግሞ ‹ጥናቴን ሳልጨርስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም› አሉ።»

«በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ወሰደው?»

«ሾርባና ሳምቡሳ ሊያደርስላቸው ነው የሄደው። በኋላ ደረጃ ሊወጣ ሲል ወድቀው አገኛቸው።» ማህፉዛ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ግሪን ካርዱ ገና አልወጣም፤ ከተከሰሰ አለቀልን። ደግሞስ እስላም እንዲህ ሳይቀበር ይከርማል? ከሙኒብ ሌላ ዘመድ የላቸውም። እሱ ሳይኖርማ አፈር አላለብሳቸውም።»

ዛኪያ ድንገት ቆመች። «የምን ጥናት ነው ያልሽኝ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሎኔል ጠልሀ የእግረኛ ጦር ሰው ነበሩ። ካፒቴን ግዛው የሚባል የአየር ኃይል ሰው፣ ውድነህ የሚባል የባሕር ኃይል ሰው ወዳጆቻቸው ናቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች እዚሁ ኮልፋክስ ላይ ባለው የውድነህ ምግብ ቤት ጓዳ ግድግዳ ላይ ካርታ ሰቅለው፣ አንዲት ሚጢጢ፣ ወደብ አልባ የአፍሪካ አገር (ስሟን አልጠራም፤ ኤምባሲዋ ይቆጣል) ምን ዓይነት ጦር እንደሚያስፈልጋት ያጠናሉ። አማክሩን ብላ የጠየቀቻቸው ራሷ ናት። ልዑካኗ ቅዳሜ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ሊቀበሏቸው ቀጥረዋል። የአጥኚዎቹ ሊቀ መንበር ኮሎኔሉ ነበሩ፤ ያለ እሳቸው ይሁንታ አንድም መስመር አይገባም።

ዛኪያ መጀመሪያ ግሌንዴል ሄደች። ጩኸቱን የሰማችው ጎረቤት ውሻዋን አቅፋ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፈተችላት።

«ቋንቋቸውን አላውቅም» አለች አሮጊቷ። «አንድ ቃል ብቻ ነው የገባኝ። ሄሊኮፕተር። ደጋግመው ሄሊኮፕተር ይሉ ነበር። ለፖሊሱ ብነግረው አልጻፈውም።»

ታክሲ ነጂ ስለ ሄሊኮፕተር ምን ያጨቃጭቀዋል? ዛኪያ ወደ ኮልፋክስ ተመለሰችና ውድነህን ሽንኩርት ሲከትፍ አገኘችው።

«ጋሽ ውድነህ፣ እርስዎ ለዚያች አገር ምን ይሁንላት ነው የሚሉት?»

«ጀልባ!» አለ ቢላውን እየነቀነቀ። «ሐይቅ አላት እኮ! ጠልሀ ግን ‹ጀልባህን ገንዳ ውስጥ አንሳፍፈው› አለኝ። አይ ጠልሀ!» ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ፣ በሽንኩርቱ አመካኘ።

«እሳቸውስ?»

«መንገድ ነው የሚለው። ‹ወደብ የሌላት ትንሽ አገር ጉሮሮዋ በጎረቤት እጅ ነው› ይላል። ‹ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ጦር ይኑራት፤ ሬዲዮ የያዘ ድንበር ጠባቂ ይኑራት፤ ከባለወደቡ ጋር ደግሞ ትፋቀር። ሄሊኮፕተር ብትገዛ ነዳጁ በዚያው በጎረቤት ወደብ ነው የሚገባው፤ ጎረቤት ያኮረፈ ቀን ሄሊኮፕተሩ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።› ግዛው ይህን ሲሰማ ጠረጴዛ ይደበድብ ነበር።»

ካፒቴን ግዛው ዳውንታውን የአንድ ፓርኪንግ ተቆጣጣሪ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ቀጥ ያለ ሽማግሌ።

«ከጠልሀ ጋር ታርቀን ነበር» አለ ዛኪያ ገና ሳትጠይቀው። «በሞተበት ዕለት ቤቴ ዘግይተን ምሳ በላን። ሽሮ ሠራሁለት። ሥጋ አላቀረብኩም፤ የእስላም ሥጋ ካልሆነ እንደማይነካ ድሮ ጀምሮ አውቃለሁ። ሻዩን ጠጣና ‹እሺ ግዛው፣ ሄሊኮፕተሩ ይግባ› አለኝ። ሲለየኝ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። እንግዲህ ውድነህ ይህን ቢሰማ ደስ የሚለው ይመስልሻል?»

«ወዳጅነታችሁ የጠበቀ ነበር ማለት ነው።»

«ታዲያስ! ረመዳኑን ሙሉ ፊቱ ውኃ እንኳ ጠጥቼ አላውቅም። ኢድ ዕለት ማህፉዛ ቤት አብረን በላን።»

«ሄሊኮፕተሩ ከገባ ለእርስዎ ምን አለው?»

ግዛው ደረቱን ነፋ። «አየር ክንፉን እንዳደራጅላቸው ጠይቀውኛል። በሙሉ ማዕረግ፤ በዩኒፎርም!» ፊቱ በራ። ወዲያው ከኋላ አንድ መኪና ጡሩምባውን ነፋ፤ ካፒቴኑ «የስ ሰር» እያለ ሮጠ። ዛኪያ፣ እውነቴን ነው፣ አዘነችለት።

ማምሻውን ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ የአስከሬን ምርመራውን ውጤት በስልክ ነገራት። «የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰም፤ ሆዱ ባዶ ነው። የወንድም ልጅየው እያስራበው ነበር ማለት ነው።» ዛኪያ ክፍሏን መዞሯን አፋጠነች። ከዚያ «ከኪሳቸው ምን ወጣ?» ብላ ጠየቀች፤ ፖሊሱ እየሰለቸው ዘረዘረላት።

ዓርብ ጠዋት ምግብ ቤቱ ሳይከፈት ሁሉንም ጓዳው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ግዛው ካርታው ሥር ተቀመጠ። ውድነህ ሽርጡን አላወለቀም። ማህፉዛ ከሁለቱም ራቅ ብላ ወንበር ያዘች፤ ፖሊሱ፣ ዛኪያ አስቀድማ ሁሉን ያስረዳችው፣ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ኮሎኔሉ የሞቱት በጠብ ነው» አለች ዛኪያ እየተንጎራደደች። «የጠቡ ርእስ ሄሊኮፕተር እንደሆነ ጎረቤት ሰምታለች። ሙኒብ ስለ ሄሊኮፕተር ግድ የለውም፤ እንደ እናንተ ግድ ያለው የለም። ካፒቴን፣ እርስዎ ታርቀናል ብለዋል። እንደዚያ ከሆነ ኮሎኔሉ ሐሳባቸውን ስለቀየሩ የተናደደው ጋሽ ውድነህ ነው ማለት ነው።»

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም!» አለ ውድነህ።

«ይቆዩ ጋሼ። ዕርቁን ያየ ሰው የለም፤ ምስክሩ ምሳው ብቻ ነው። ማህፉዛ፣ ያን ዕለት ሾርባው ለምን ነበር?»

«ለማፍጠሪያቸው ነዋ! ጾመኛ ነበሩ እኮ።»

ግዛው ቀና አለ። «የምን ጾም? ረመዳን አልቋል! ኢድ አብረን በልተናል!»

«ከኢድ በኋላ በሸዋል ወር ስድስት ቀን የሚጾም አለ፣ ካፒቴን። ግዴታ አይደለም። ኮሎኔሉ ደግሞ ጾማቸውን ማውራት አይወዱም ነበር።»

«አፋቸውን ሞልተው ነግረውን አያውቁም፤ ቀን ምግብ ሲመልሱብን ነው ያወቅነው» አለች ማህፉዛ። «እኔንም ማንም አልጠየቀኝም።»

«ቢሆንስ!» አለ ግዛው፤ ድምፁ ከፍ አለ። «ለእኔ ሲል ቢፈታስ? ግዴታ አይደለም አልሽ!»

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። ለወዳጅ ተብሎ ይፈታል። ግን ከኪሳቸው የተገኘው ቴምር ማፍጠሪያ ነው፤ የፈታ ሰው ማፍጠሪያ ምን ያደርግለታል? እሱም ይቅር፤ ሐኪሙ ሆዳቸውን ባዶ አገኘው። ሽሮው የት ገባ? ሻዩስ?» ዛኪያ መመላለሷን ተወችና ፊት ለፊቱ ቆመች። «ሥጋ እንዳላቀረቡላቸው ተጠንቅቀው ነገሩኝ። የሚያውቁትን ልማድ በሚገባ ጠበቁ፤ የማያውቁት ግን አጋለጠዎት። ምሳ ከሌለ ዕርቅ የለም። ዕርቅ ከሌለ ደግሞ ለሄሊኮፕተሩ የሚጮኽ እዚህ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ጥናት ቅዳሜ ሳይቀየር ቢቀርብ ዩኒፎርሙ የሚቀርበትም እሱ ነው።»

ግዛው ካርታውን ዞሮ አየው። «ልለምነው ነው የሄድኩት» አለ። «ለመንኩትም። ‹ግዛው፣ ሄሊኮፕተር ያስፈለገው ለአንተ ነው እንጂ ለአገሪቱ አይደለም› አለኝ። ክንዱን ያዝኩት። ተመነጨቀብኝ። ገፋሁት… እውነት ስለሆነ ነው የገፋሁት።»

«ልጁ ታስሮ ዝም አልክ!» ውድነህ ጮኸ። «አብረኸኝ ስታለቅስ ሰነበትክ!»

ፖሊሱ ግዛውን ሊይዝ ቀረበ። ማህፉዛ ተነሥታ መሐላቸው ገባች።

«አንዴ ይቆይልኝ። ሙኒብ ሲወጣ ይጠይቀኛል። ጋሽ ግዛው፣ ሲወድቁ ነፍስ ነበራቸው?»

ግዛው አንገቱን ደፋ። «ነበረው።»

«ምን አሉ?»

«‹ፀሐይ ጠለቀች ወይ?› አለኝ። የሚቃዥ መሰለኝ።»

«ጠልቃ ነበር?»

«የመንገዱ መብራት በርቶ ነበር። አዎ፣ ጠልቃ ነበር።»

«እርስዎስ ነገሯቸው?»

«አልመለስኩለትም። ጥዬው ሄድኩ።»

ማህፉዛ ጮክ ብላ አለቀሰች። ያን ሁሉ ቀን እንደዚያ አላለቀሰችም ነበር።

ሙኒብን ከሰዓት በኋላ ለቀቁት። ዛኪያ የመኪናዋን ሞተር ሳታጠፋ ከእስር ቤቱ ደጅ ጠበቀችው፤ ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል። ኮሎኔሉን አጥበው ሊቀብሩ ወደ መስጊድ ሲሄዱ፣ ማህፉዛ ከኋላ ወንበር እጁን ይዛ ሁሉንም ነገረችው።

«መጨረሻ ላይ ምን አሉ?» አላት።

«ፀሐይ ጠለቀች ወይ ብለው ጠየቁ።»

«ማን መለሰላቸው?»

ማህፉዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። «ግዛው» አለች። «‹ጠልቃለች ወንድሜ› አላቸው።»

ሙኒብ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ዛኪያ ሰማች፤ መንዳቷን ቀጠለች።