ፍሬኑን የያዘው

ይሄ በእኔ በራሴ ላይ የሆነ ነው። ሰው ነገረኝ አልልም። አላምንም የሚል መብቱ ነው፤ እኔ ግን በጆሮዬ የሰማሁትን አልክድም።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ጠራራ ፀሐይ። ፌርፋክስ፣ ከሀበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ያለው ፓርኪንግ።

ደንበኛዬ አይዳ አፓርታማዋን አስረክባ የሚጎተት የመኖሪያ ትሬይለር ገዝታለች። በማግስቱ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ትሬይለሩን በፒክአፕ እየጎተተች፣ ተራራውን አቋርጣ ሰሜን ልትገባ ነው። ሥራ ያገኘችው እዚያ ነው።

የትሬይለሩ የግራ ጎማዎች ፍሬን ግን አይዝም። ቁልቁለት ላይ እንዲህ ከሆነ... ገደል ነው።

እኔ ሙያውን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። በጆሮዬ ነው የምሠራው። ይሄ ፍሬን በኤሌክትሪክ ነው፤ ፒክአፑ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማንሻ አንድ ሰው ሲይዝ፣ ጎማው ውስጥ ያለው ማግኔት እምምም... ይላል። እኔ ከሥር ተኝቼ፣ ካቻቢቴዬን ከጎማው ወደ ጆሮዬ ደግፌ አዳምጣለሁ።

አይዳ ፒክአፑ ውስጥ ገባች። እኔ በስመ አብ ብዬ ከሥር ገባሁ።

«ያዢ!»

«ያዝኩ ጋሼ!»

ቀኙ እምምም አለ። ግራው ዝም።

«ልቀቂ!»

«ኦኬ፣ ለቀቅኩ!»

ሽቦውን ስከተል ቆየሁ። በር ተከፍቶ ሲዘጋ የሰማሁ መሰለኝ... ልብ አላልኩትም።

«ያዢ።»

«ያዝኩ።»

ድምፁ ዝቅ ብሏል። ደከማት አልኩ።

«ልቀቂ።»

«ለቀቅኩ፣ ኅሩይ።»

ኅሩይ?

አይዳ ስሜን ያለ ጋሼ ጠርታ አታውቅም።

እንደገና ላዝዝ አፌን ስከፍት... ሳልናገር «ያዝኩ» አለ።

በዚያው ቅጽበት የአይዳን ጫማ አየሁ። ከምግብ ቤቱ በኩል እየመጣ።

«ጋሼ ሶሪ፣ ወረፋው ጉድ ነው! የጾም አምጥቼልሃለሁ።»

ተንሸራትቼ ወጣሁ። «ፒክአፑ ውስጥ ማን አለ?»

«ኧረ ማንም የለም...»

ከውስጥ፣ በሹክሹክታ፦ «ልልቀቀው?»

ሁለታችንም ሰማን። ወንበሩ ባዶ ነው። ማንሻዋ ግን እስከ መጨረሻው ተይዛለች።

«ጋሼ፣ ይቅርብን። እንሂድ።»

«የት? ቤትሽን አስረክበሻል።»

ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ከፍርሃቴ ግን ንዴቴ በለጠ። ነገ ልጆች ቁልቁለት ይወርዳሉ፣ ይሄ ደግሞ እኔን ሊያስፈራራ!

«አንቺ እንዳትጠጊ» አልኳት። ማተቤን ከሸሚዜ አወጣሁና ተመልሼ ከሥር ገባሁ።

«ማንም ሁን!» አልኩት። «እጅህን ካስገባህ ሥራ! ልቀቅ እስክልህ ትይዛለህ። ሰምተሃል?»

ብረቱን በካቻቢቴዬ መታ መታ አደረግኩ።

«ሰምተሃል ወይ!»

«...እሺ፣ ጋሼ።»

ሽቦውን ጣት በጣት ዳሰስኩ። ብረቱ የፋቀው ቦታ ላይ ደርሼ ጫን ሳደርገው፣ ግራው እምምም... አለ።

«ልቀቅ!»

ለቀቀ። ቆርጬ ቀጠልኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ።

«ያዝ!»

አራቱም እምምም አሉ።

«ጨርሰናል። ልቀቅና ውረድ!»

በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። እግር አላየሁም።

በማግስቱ ከቅዳሴ ስወጣ አይዳ ፎቶ ላከችልኝ። «ቁልቁለቱን አጋመስነው ጋሼ! ዳር ይዘን እያረፍን ነው። ፍሬኑ አንደኛ!»

ስልኩን ዘርግታ ያነሳችው ራሷ ናት። እሷና ሁለቱ ልጆቿ ከትሬይለሩ ኋላ ቆመው ይስቃሉ። ፒክአፑ ውስጥ የቀረ ሰው የለም።

የትሬይለሩ የፍሬን መብራት ግን፣ በዚያ ፀሐይ... ቀይ ሆኖ በርቷል።

«እስኪወርዱ እንዳትለቅ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ይየኝ።