ለሊዲያ የተዘጋው መስኮት

ኢንስፔክተር ዘኪያ አቃቂ በሰቃ ካለችው ጠባብ ክፍል ስትገባ፣ ሊዲያ ላፕቶፗ ላይ ተደፍታ የተኛች ትመስል ነበር። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ነበረች። በምሥራቅ እስያ ፖለቲካ ላይ ለሚደረግ ጥናት ከዩኒቨርሲቲው አንድ ተማሪ ብቻ ሲፈለግ፣ ዕድሉ ለእሷ ወጣ። የኮሪያ የፋብሪካ ሴቶች ፖለቲካውን እንዴት እንደቀየሩ ልታጠና፣ ያን ጠዋት ሴኡል ካሉት ፕሮፌሰር ጋር በኢንተርኔት ልትነጋገር ተቀምጣ ነበር። ምን ዋጋ አለው፤ ሞት ቀደማቸው።

ከጠረጴዛው ሥር የከሰል ምድጃ አለ። የቆርቆሮው መስኮት ከውጭ ተገፍቶ ተዘግቷል፤ ክፍተቱም በጋቢ ተጠቅጥቋል።

እናቷ እትዬ እታገኝ ቂሊንጦ ከሚሠሩበት ፋብሪካ ተጠርተው መጥተዋል። «በርዷት ነበር። ከሰሉ ፍም ሲሆን አስገባሁላት። መስኮቱን ግን ከፍቼ ነው ሰርቪስ የተሳፈርኩት» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ልጃቸው የክፍል ጓደኛ ቀሰሩ። «እሱ ነው የገደላት። እሷ ከቀረች ለጥናቱ ተጠባባቂው እሱ ጌዲዮን ነው።»

ጌዲዮን በዚያ ዝናብ በስስ ቲሸርት ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

«ጋቢው ያንተ ነው?» አለችው ዘኪያ።

«አዎ።»

«መስኮቱንም አንተ ነህ የዘጋኸው?»

«አዎ።»

ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለም። ፖሊሶቹ ካቴና አወጡ። ዘኪያ ግን ነገሩ አልዋጥልሽ አላት፤ አጥሩን ዞራ ጎረቤት ብረት በያጁ ጋሽ መገርሳ ዘንድ ሄደች።

«ጌዲዮን ጠዋት መጥቶ ጩኸቱ ይረብሻታል፣ ግራይንደሩን ያቁሙልን ብሎ ለመነኝ» አሉ ጋሽ መገርሳ። «ደንበኛ ያዘዘውን በር ሊወስድ ቆሟል፤ እምቢ አልኩት። ምነው እጄን በሰበረው።»

ዘኪያ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የምትናገረው ልጁን ፈትቶ እናቲቱን በጸጸት እንደሚያስር ገብቷታል።

«ሊገድል የመጣ ሰው የራሱን ጋቢ ትቶ አይሄድም፤ ለጎረቤትም ሄዶ ጩኸት አቁሙ ብሎ አይለምንም። ጌዲዮን መስኮቱን የዘጋው ፕሮፌሰሩ እንዲሰሟት ነው። ምድጃውን አላየውም፤ እኔም ውጭ ቆሜ ሞክሬዋለሁ፣ አይታይም። ፍም ደግሞ አይጨስም፣ አይሸትም፤ በተዘጋ ክፍል ግን መርዛማ አየሩ ይገድላል። ሊዲያም እንደ ሁላችን ፍም አይጎዳም ብላ ተቀመጠች። እዚህ ግቢ ገዳይ የለም።» ወደ ጌዲዮን ዞረች። «ለምን ዝም አልክ?»

ልጁ ቀና አላለም። «ዝጋልኝ ያለችኝ ራሷ ናት። በኋላ አንኳኩቼ መልስ ሳጣ በሩን ሰበርኩ፤ ምድጃውን ያኔ አየሁት። እትዬ የሚጠሉት ሰው ካጡ ራሳቸውን ይጠላሉ ብዬ ነው።»

እትዬ እታገኝ እጃቸውን ደጋግመው አዩት። ከሰሉን ያስገባው ያ እጅ ነው። ማልቀስም አልቻሉ። የለበሱትን ጋቢ አወለቁና ጌዲዮን ትከሻ ላይ ጣሉለት።

«ልበስ፤ አንተን እንኳ አይብረድህ» አሉት።